ያልተዘጋው የእትዬ ፋይል

ስሜን አልነግራችሁም። የሆስፒታሉንም ስም አልነግራችሁም... እስካሁን እዚያው ነው የምሠራው።

ሰዓቱን ግን እነግራችኋለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻም አላላዘነም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የአልጋዎቹን ብረት ታሞቅ ነበር።

እዚህ ገጽ ላይ የሚጻፈውን እኔም አነባለሁ፤ ግማሹን አላምነውም። እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም። እኔ ግን የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። አልፈጀውም።

የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። አልትራሳውንድ ሲባል ለብዙ ሰው እርጉዝ ሴት ናት የምትታየው። የኔ ሥራ ሌላ ነው። የሳንባ ኢንፌክሽን ጠንቶባቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎችን ሳንባ አያለሁ... እዚያው አልጋቸው ላይ።

ወደ ራጅ ክፍል ልውሰዳቸው ቢሉ አይሆንም። ከኦክስጅኑ ከተነቀሉ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ስለዚህ ማሽኑ ወደ እነሱ ይሄዳል። ጎማ አለው፤ እኔ እገፋዋለሁ። እጄ ሁልጊዜ በዚያ ቀዝቃዛ ጄል ስለሚርስ ባልደረቦቼ «ጄሏ» ይሉኛል። የእናቴን ስም አወጣጥ ከንቱ አስቀሩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ጀርባና ጎን ላይ አሥራ ሁለት ቦታ ፕሮቧን፣ በገመድ ከማሽኑ ጋር የተያያዘችውን ማያ፣ አሳርፋለሁ። ለእያንዳንዱ ቦታ ነጥብ እሰጣለሁ። ዜሮ ማለት ሳንባው አየር ሞልቶታል፣ ንጹህ ነው። ሦስት ማለት አየር የሚባል የለም፤ ጠጥሮ ጉበት መስሏል። በመሃል ያለው ደግሞ ውሃ ያዘለ ሳንባ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ጭረቶች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ከጭረቶቹ በላይ አንዲት ነጭ መስመር አለች። ሰው በተነፈሰ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። ትንፋሹን ከያዘ ትቆማለች።

አሥራ ሁለቱን ቁጥር ወረቀት ላይ እጽፍና አልጋው ግርጌ እሰቅላለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው እንግዲህ እውቀቴ።

ሦስትና አራት ቁጥር አልጋ ላይ ባልና ሚስት ነበሩ።

ባልየው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ሾፌሩ ነው የምንላቸው። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሳቸውን እትዬ እንላቸዋለን። በአንድ ሳምንት ተከታትለው ገቡ። በመሃላቸው መጋረጃ ብቻ ነበር።

እትዬ አይነቁም ነበር። ሾፌሩ ግን የኦክስጅን ጭንብል ታስሮላቸው፣ በደረታቸው ተኝተው ያወራሉ። ሳንባ እንዲከፈት እንደዚያ ነው የምናስተኛቸው። ፊታቸው ወደኔ ስለሚዞር ስክሪኑን ያያሉ። በሦስት ቀን ንባቡን ተማሩት። ጭረቶቹን «ዝናብ» ይሏቸዋል።

«ዛሬ ዝናቡ እንዴት ነው ልጄ?»

«ካፊያ ነው አባባ። እያባራ ነው።»

«የሷስ?»

«የሳቸው... ገና ይዘንባል።»

«እሷ ድሮም መዝነብ ትወዳለች» ይሉና በጭንብሉ ውስጥ ይስቃሉ። ሳቁ ያስላቸዋል። ሳሉ ያስነባቸዋል።

እትዬ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አረፉ።

ሾፌሩ ተኝተው ነበር... ቢያንስ እኛ እንደዚያ መስሎናል። አራት ሰው ሆነን አወጣናቸው። እኔ የፕላስቲክ ጫማዬ እንዳይንጫጫ አውልቄ በካልሲ ነበር የሄድኩት።

ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ሰበሰበን። «አሁን ከነገርናቸው ይከተሏታል። ሳንባቸው ማገገም ጀምሯል። ሌላ ክፍል ተዛውረዋል በሉ፤ ከዚህ ውጭ ትንፍሽ እንዳትሉ» አለን።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሌላ የላቸውም። መግባት ስለማይፈቀድ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ትጠብቀኛለች። እናቷን በዚያው ቀን ቀብራ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከነጥቁር ልብሷ ቆማ አገኘኋት።

«እህቴ» አለችኝ፤ «እናቴ ሄደች። አባቴን ግን መልሽልኝ። ቤቱ ባዶ ሆኖ አይቅርብኝ።»

«እመልስልሻለሁ» አልኳት።

እኛ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። ለጀማሪ መጀመሪያ የሚነገረው ነገር ነው። ግን ልጅቷ አንጀቴን በላችው፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ረቡዕ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

«ሴትዮዬን የት ወሰዳችኋት?» አሉኝ ሾፌሩ።

«ሌላ ክፍል አባባ። እዚያ የተሻለ ነው።»

«አንቺ አይተሻታል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

የሞተ ሰው ሳንባ ከየት ላምጣ... አሮጌውን ምስል እንዳላሳይ ቀን ተጽፎበታል። ሾፌሩ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ሲጽፉ የኖሩ ናቸው፤ ቀን አያልፋቸውም።

ስለዚህ ምን ባደርግ ጥሩ ነው...

ታማሚ ሲሞት ማሽኑ ላይ ፋይሉን ከፍቶ የሞተበትን ሰዓት መሙላት የኔ ሥራ ነው። ያ ሲሞላ ፋይሉ ይዘጋል። ሥራ ሲበዛብኝ አጠራቅሜ ቅዳሜ ነው የምሞላው። የእትዬ ፋይል ገና ክፍት ነበር።

ስክሪኑን ከሾፌሩ ዓይን ዞር አደረግኩ። በእትዬ ስም ከፈትኩ። ፕሮቧን ሾፌሩ ጀርባ ላይ፣ ከታች በግራ በኩል፣ አሁን ንጹህ ሆኖ ያገኘሁት ቦታ ላይ አሳረፍኩ። አሥር ሰከንድ ቀረጽኩ። ከዚያ ማሽኑን መለስኩላቸው።

«ይኸው። ዛሬ ያነሳሁት ነው።»

ከላይ የሚስታቸው ስም። ከስሙ ቀጥሎ የዕለቱ ቀን። ከስሩ ነጯ መስመር፣ ወዲያ... ወዲህ...

ሾፌሩ ረጅም ጊዜ አዩት። እንባቸው በአፍንጫቸው ወርዶ ጭንብሉ ውስጥ ገባ።

«አባራላት» አሉ።

ደግ የሠራሁ መስሎኝ የዚያን ዕለት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐሙስ ደግመው ጠየቁኝ።

መጀመሪያ በራሳቸው ስም አየሁ። ከታች በግራ በኩል... ዝናብ። ትናንት ንጹህ የነበረው ቦታ ነው።

ከዚያ በእትዬ ስም ከፈትኩ። ያው ቦታ። ያው ጀርባ። ፕሮቧን እንኳ አላነሳኋትም።

ንጹህ።

ጄል ጨመርኩ። ፕሮቧን ጠረግኩ። በሾፌሩ ስም... ዝናብ። በእትዬ ስም... ንጹህ።

ማሽኑ አርጅቷል አልኩ። ሰው ሲፈራ የሚላት ነገር አያጣም።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ሾፌሩ በደቂቃ ሠላሳ አራት ጊዜ ነበር የሚተነፍሱት። ጀርባቸው ከእጄ ስር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። በእትዬ ስም ስከፍት ግን መስመሯ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ቆጠርኳት።

አሥራ ሁለት።

የተኛ ሰው ትንፋሽ።

ዓርብ ሾፌሩ ባሱ። ዶክተሩ ኦክስጅኑን ከፍ አደረገው። «እያገገሙ አልነበረም እንዴ? ምን ነካቸው?» አለኝ። ምን ልበለው... ወረቀቴን ሞልቼ ሰቀልኩ።

ያን ቀን አልጠየቁኝም፤ ትንፋሽ አልነበራቸውም። በዓይናቸው ብቻ ወደ ስክሪኑ አመለከቱኝ። ቀርጬ አሳየኋቸው። እሳቸውም ከንፈራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው፣

«በርቺ» አሉ።

መስመሯ ቆም አለች።

አፍታ ብቻ። ሰው ስሙን ከሩቅ ሲጠሩት ትንፋሹን ሰብስቦ እንደሚያዳምጠው። ከዚያ ቀጠለች።

የተቀረጸ ምስል ነበር እኮ። አሥር ሰከንድ እየዞረ የሚደጋገም። አይሰማም።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ነርስ ልንገራችሁ። ጥድፊያ ነው የምንላት፤ ዝግ ብላ ስለምትሄድ። ሰው ሲድንም ሰው ሲሞትም እርምጃዋ ያው ነው። «ቀስ ብዬም እደርሳለሁ፣ ሮጬም እደርሳለሁ፤ ለምን ልላብ?» ትላለች።

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው... ጥድፊያ በኮሪደሩ ስትሮጥ አየኋት።

ወደኔ ነበር የምትሮጠው።

«ይሄ የማን ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«የሾፌሩ። የትናንት።»

«ይሄስ?»

«የእትዬ። ሊያርፉ... ሁለት ቀን ሲቀራቸው የጻፍኩት።»

«አስተያዪው።»

አሥራ ሁለት ቁጥር። ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ... ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው።

የሐሙሱን አወጣች። ከጎኑ እትዬ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የተጻፈውን አደረገች። አንድ ነው።

ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ።

«ታዲያ ዛሬ...»

«ዛሬ አንድ ቀን ነው የሚቀራቸው» አለች ጥድፊያ። «ምን አድርገሽ ነው አንቺ?»

ነገርኳት። የውሸቱን ምስል፣ ያልተዘጋውን ፋይል፣ አሥራ ሁለቷን ትንፋሽ። ስጨርስ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም።

«ዝጊው» አለች። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ሳይደርስ ዝጊው።»

«ታምኛለሽ እንዴ?»

«አላምንም። ዝጊው።»

ማሽኑን ገፍቼ ገባሁ። ሾፌሩ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ጎን ለጎናቸው ያለው ሞኒተር ኦክስጅናቸውን ሰባ ዘጠኝ ይላል።

«አባባ፣ ዛሬ አላሳይዎትም።»

እንደ ትናንቱ በዓይናቸው ስክሪኑን አመለከቱኝ።

«እትዬ... አባባ፣ እትዬ እኮ...»

«አውቃለሁ» አሉ።

እጄ ማሽኑ ላይ ቀረ።

«ማክሰኞ... ስታወጧት... ነቅቼ ነበር። አንቺ... በካልሲ ነበርሽ።»

አራት ቁጥር አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ለምን አሳዪኝ አሉኝ?»

«መዋሸት... አምሮሽ ነበር። እንዳላሳፍርሽ ብዬ። ከዚያ... አየኋት።»

«የርስዎ ሳንባ ነው እኮ ያሳየሁዎት። ዋሽቼዎት ነው አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄ... አርባ አንድ ዓመት... አጠገቧ ተኝቻለሁ። ትንፋሿ... ይጠፋኛል?»

ዓይኔን ወደ ማሽኑ መለስኩ።

«ስሟን ስትከፍቺ... ትተነፍሳለች። አትዝጊባት።»

«እርስዎ ግን እያለቁ ነው!»

«እኔማ... መንገዴን ጨርሻለሁ።»

«ልጅዎት አልጨረሰችም» አልኳቸው። ቁጣዬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እያለቀስኩ ነበር። «በየቀኑ በር ላይ ናት። ከነጥቁሯ። ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳይቀርባት እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እመልስልሻለሁ ብያታለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሺም አላሉኝ፣ እምቢም አላሉኝ።

የእትዬን ፋይል ከፈትኩ።

ፕሮቧ በእጄ አልነበረችም። ማሽኑ ጎን ላይ ተሰቅላ ነበር። ማንንም አልነካችም። ስክሪኑ ጨለማ ብቻ ማሳየት ነበረበት።

ነጯ መስመር ግን ነበረች። ወዲያ... ወዲህ...

የሞተበት ሰዓት የሚለውን ሳጥን ነካሁ። በድርብ ጓንት ፊደል መጫን መከራ ነው፤ ጣቴ ይስታል። ማክሰኞ ብዬ ጻፍኩ።

መስመሯ ፈጠነች።

ሦስት ሰዓት... አሥራ ሁለት መሆኗ ቀረ። ሃያ። ሠላሳ። የደነገጠ ሰው ትንፋሽ ሆነች። ከሃያ ብዬ ጨረስኩ።

«አይዞሽ» አሉ ሾፌሩ በሹክሹክታ።

ለኔ መስሎኝ ነበር።

«አይዞሽ የኔ እመቤት... እዚሁ ነኝ።»

ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ለሁሉም ነው የሚጠይቀው። ከዚያ በፊት ስንቱን አዎ ብዬ ዘግቻለሁ፤ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር።

አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

መስመሯ ቆመች።

ሾፌሩ አንድ ድምፅ አወጡ። ያንን ድምፅ ልገልጽላችሁ አልችልም። ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ተራዬ አልነበረም፤ ግን ገባሁ። እኔና ጥድፊያ ሰዓቱን እያየን አልጋቸው ሥር ቆምን። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ። ከሃያ... ሾፌሩ ተነፈሱ። ከሃያ አንድ። ተነፈሱ። ጥድፊያ አንገቷን ነቀነቀችና ዝግ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሾፌሩ ዳኑ። በሦስት ሳምንት ከኦክስጅኑ ተላቀቁ። ግን ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አላናገሩኝም። ማሽኔን ይዤ ስመጣ ፊታቸውን ወደ አራት ቁጥር አልጋ ያዞራሉ። ጀርባቸውን ብቻ ነው የሚሰጡኝ። የፈለግኩትም እሱን ነበር፣ ምን ይደረጋል።

የወጡ ዕለት ልጃቸው አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ቃልሽን ጠበቅሽ እህቴ» እያለች እጄን ሳመችው። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። እናቷ ማክሰኞ ጠዋት ነው የሞቱት፤ ማን ገደላቸው ቢባል ኢንፌክሽን ነው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ግን... እኔ ነኝ። ይህ ለማን ይነገራል?

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ሾፌሩ ለቀጠሮ መጡ። ሌላ ክፍል። ሌላ ማሽን፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ። የእትዬ ስም ገብቶበት አያውቅም።

አሥራ ሁለቱንም ቦታ አየሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ... «ጨርሰው ድነዋል አባባ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ነበሩ።

መጨረሻ ላይ ለሁሉም እንደምለው፣ «ትንፋሽዎን ይያዙልኝ» አልኩ።

ያዙ። አፋቸው ተዘጋ። ደረታቸው ከእጄ ስር ጸጥ አለ።

መስመሯ አልቆመችም።

ቀስ ብላ... ወዲያ... ወዲህ... ቆጠርኳት። አሥራ ሁለት።

ሾፌሩ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አዞሩ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሃምሳ ሰከንድ ያህል ሳይተነፍሱ አዩዋት። ከዚያ ለቀቁት፤ ሸሚዛቸውን ቆለፉ።

«በወሩ እመጣለሁ ልጄ» አሉኝ።

ከዳኑት ሰዎች ሁሉ ጤነኛው እሳቸው ናቸው። ቀጠሮ አያስፈልጋቸውም። በየወሩ ግን ይመጣሉ፣ በስምንት ሰዓት። ልጃቸው ታመጣቸውና ኮሪደር ላይ ትጠብቃለች። ጥቁሯን አውልቃለች፤ ቤታቸውን ቀለም አስቀብታለች። «አባቴን እኮ አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ» ትለኛለች ባየችኝ ቁጥር።

እኔ ምንም አልነገርኳትም። በየወሩ ትንፋሻቸውን የሚይዙበት ጊዜ እንደሚረዝም አልነገርኳትም። አንድ ደቂቃ ሞላ። ሁለት ሞላ። ሦስት ሞላ። «ይበቃል አባባ፣ ይተንፍሱ» እላቸዋለሁ። ይተነፍሳሉ፤ ግን ለኔ ሲሉ ነው። ይታወቀኛል።

ባለፈው ሐሙስ ስድስት ደቂቃ ሆነ።

ፊታቸው አልጠቆረም። አላላባቸውም። መስመሯ በእትዬ ትንፋሽ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ከበሩ ውጭ ልጃቸው በስልክ ለሆነ ሰው «አባቴ ምርመራ ላይ ነው፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው» ስትል ይሰማኛል።

«አባባ፣ ይተንፍሱ» አልኩ።

አልተነፈሱም።

ፕሮቧን ላነሳ ስል እጄን በእጃቸው ሸፍነው ደረታቸው ላይ ያዙት። ፈገግ ብለው ነበር። እጃቸው እንደ ጄሉ ቀዝቃዛ ነበር።